የአሜሪካ መስራቾች፣ የፕሮፌሰሩ ውሸትና የጎረቤታችን ባቡር

ባለፈው እትም በእግረ መንገድ አንድ መጽሐፍ ጠቅሼ ነበር። ጆሴፍ ኤሊስ የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ ፕሮፌሰር ስለ አገሩ መስራቾች የጻፈው ነው፤ ስሙን በእኛ ቋንቋ «መስራች ወንድማማቾች» ብንለው ያስኬዳል። የጻፍኩት ሁለት መስመር ብቻ ነው። የመጣው ጥያቄ ግን ስለ ቤት ኪራይ ስንጽፍ ከመጣው ይበልጣል፣ ምን ነካችሁ? በሉ የዛሬው ዓምድ ለእሱ ይሁን። ደግሞ «አንቱ» እያላችሁ የጻፋችሁልኝ ሁለት ሰዎች፣ የድሬ ልጅ አለመሆናችሁ ከመጀመሪያው መስመር ታውቋል። እዚህ አንተ ነው አቦ።

ከከዚራ፦ «ያንን ያልከውን መጽሐፍ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ላይ አገኘሁት። ሽፋኑ ተልጧል፣ ገጹ ግን ሙሉ ነው። እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው። ስለ አሜሪካ የማውቀው ዋሽንግተን የሚባል ሰውም ከተማም እንዳለ ነው። ልጀምረው ወይስ ለመደርደሪያ ጌጥ ይሁን?»

ጀምረው። ግን ከገጽ አንድ ተነስተህ በቅደም ተከተል ልወጣው ብለህ አትጨነቅ፤ መጽሐፉ እንደዚያ አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ2000 ወጣ፣ በዓመቱ በታሪክ ዘርፍ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። «እገሌ በዚህ ዓመት ተወለደ፣ በዚህ ዓመት ሞተ» የሚል ነገር አታገኝበትም። ስድስት ታሪኮች ናቸው። እያንዳንዱ አንድ ቀን፣ ወይም አንድ እራት፣ ወይም አንድ ጓደኝነት ይዞ እሱን እስከ አጥንቱ ይግጠዋል።

የመጀመሪያው ታሪክ ተኩስ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 1804 በሥልጣን ላይ ያለ ምክትል ፕሬዚዳንት አሮን በር፣ የቀድሞውን የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሃሚልተንን ሃድሰን ወንዝ ዳር ቀጥሮ፣ ምስክር ባለበት ሽጉጥ ተማዘዙ። ሃሚልተን በማግስቱ ሞተ። ምክትል ፕሬዚዳንት! እኛ አገር እንኳን እንዲህ ፊት ለፊት አይወጡም።

እኔ የምወደው ግን ሁለተኛውን ነው፣ እራቱን። ዘመኑ 1790፣ ዋና ከተማቸው ገና ኒው ዮርክ ነች። ሃሚልተን የየክፍለ አገሩን የጦርነት ዕዳ ማዕከላዊው መንግሥት ይሸከም ይላል። ጄምስ ማዲሰን በምክር ቤቱ በኩል ገትሮ ይዞታል። ከፈረንሳይ በቅርቡ የተመለሰው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቶማስ ጄፈርሰን ሁለቱንም ቤቱ ይጠራቸዋል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይወራል። ከዚያ በኋላ የዕዳው ሕግ አለፈ፣ በልዋጩም ዋና ከተማዋ ፊላደልፊያ ላይ 10 ዓመት ቆይታ ወደ ደቡብ ወደ ፖቶማክ ወንዝ እንድትሄድ ተወሰነ። አንተ የምታውቃት ዋሽንግተን ከዚያ ነው የመጣችው። ትልቅ ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ምሳና በርጫ ላይ እንደሚያልቅ ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

«ወንድማማቾች» ያላቸው ለምን እንደሆነ አንብበህ ትደርስበታለህ። አሜሪካኖች «መስራች አባቶች» ነው የሚሏቸው፤ እሱ ግን ገና አባት ሳይባሉ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲናቆሩና ሲቀናኑ ነው የያዛቸው። «አብዮት» የሚለው ቃል ደግሞ አያስደንግጥህ። በእኛ ጆሮ 1966ን ነው የሚያመጣው፣ የእነሱ ግን ከእንግሊዝ ንጉሥ ለመላቀቅ እ.ኤ.አ. ከ1775 እስከ 1783 የተዋጉት ነው።

ከሳቢያን፣ አንድ የታሪክ መምህር፦ «ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያነቡና "ታሪክ አወቅን" ብለው ይከራከሩኛል። ለብዙኃን ተብሎ የተጻፈ፣ ገበያ ላይ የሚሮጥ ነገር ልቦለድ እንጂ ታሪክ ነው ወይ? እውነቱን ንገረኝ።»

መምህር፣ ቅሬታህ ይገባኛል። ግን ሰውዬው ከመንገድ የመጣ ጸሐፊ አይደለም። ማሳቹሴትስ ውስጥ ማውንት ሆልዮክ በሚባል የሴቶች ኮሌጅ ለረጅም ዓመታት ያስተማረ ምሁር ነው፤ ምንጩንም ከመጽሐፉ ጀርባ ዘርዝሮታል። ልዩነቱ የሚመርጠው ነገር ላይ ነው። ሙሉውን ውቅያኖስ ልቅዳ አይልም፤ እዚህም እዚያም ባልዲ ይጥልና የወጣለትን ያሳይሃል።

ችግሩም እዚያው ነው። ባልዲው የሚወርደው ደብዳቤ ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስና ሚስቱ አቢጌል የተጻጻፉት ከ1100 በላይ ደብዳቤ ተርፏል። ስለዚህ አዳምስ በመጽሐፉ ውስጥ ያኮርፋል፣ ይቆጣል፣ ጥርሱ ያመዋል፣ ሚስቱ ትናፍቀዋለች፤ ጎረቤትህ ነው የሚመስልህ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን ሚስት ማርታ ግን ከባሏ ጋር የተጻጻፈችውን ሁሉንም ለማለት በሚቻል ሁኔታ አቃጠለችው። ሰውዬው ዛሬም ድረስ የዶላር ኖት ላይ እንዳለው ፊቱን ኮስተር አድርጎ ቀርቷል። ኤሊስ ስለ ዋሽንግተን ብቻ ሌላ መጽሐፍ ጽፏል፣ ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ ግን እዚያም ላይ ሰውዬውን ከሐውልቱ ለማውረድ ሲታገል ይታያል።

አንድ ነገር ሞክር። የእራቱን ምዕራፍ ብቻ ለተማሪዎችህ ንገራቸውና «ይሄንን ማን ነገረን?» ብለህ ጠይቃቸው። የነገረን ራሱ ጄፈርሰን ነው፤ ያውም ቆይቶ፣ በስምምነቱ ከተጸጸተ በኋላ፣ ሃሚልተን አታለለኝ ለማለት። ኤሊስ ይህን አይደብቅም። እራቱ እውነት ነው፣ ግን ነገሩ በአንድ ማዕድ ያለቀ አይደለም፣ ከጀርባ ብዙ ሌላ ድርድር ነበር ይላል። እንዲህ ከራሱ ምስክር ጋር የሚሟገት ደራሲ ልቦለድ ጸሐፊ ነው ብዬ ልፈርድ አልችልም። ተማሪዎችህ ይህን ካዩልህ ለአንድ ሴሚስተር ይበቃሃል።

ከሐረር፣ ከጀጎል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ «"ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጠረ" ብለው የጻፉት ሰዎች ባሪያ ነበራቸው። ደራሲው ይሸፍንላቸዋል ወይስ ያወጣዋል? ከሸፈነ ጊዜዬን አላጠፋም።»

ያወጣዋል። ግን እኔ በምፈልገው ልክ አይደለም፣ ቆይ ላስረዳሽ።

«ዝምታው» የሚል ምዕራፍ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1790 ክዌከር የሚባሉት ሃይማኖተኞች የባሪያ ንግድ ይቁም የሚል አቤቱታ ለምክር ቤቱ አቀረቡ። በማግስቱ ሌላ አቤቱታ መጣ፤ ይኸኛው ባርነቱ ራሱ ይጥፋ የሚል ነበር፣ የፈረመውም ከመስራቾቹ አንዱ፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊን። የ84 ዓመት ሽማግሌ ነው፣ በሁለት ወሩ ሞቷል። የጆርጂያና የደቡብ ካሮላይና ሰዎች አበዱ። ሕገ መንግሥቱ ከ1808 በፊት ባሪያ ማስገባትን መከልከል አይቻልም ይል ነበርና እሱን መዘዙ። መጨረሻ ላይ ምክር ቤቱ በየክፍለ አገሩ ያለውን ባርነት የመንካት ሥልጣን የለኝም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ነገሩን በዘዴ ካስቀበሩት አንዱ ማዲሰን ነው። ኤሊስ የሚያሳየው ባለማወቅ ዝም እንዳላሉ ነው። አገሪቱ ትፈርሳለች ብለው ፈርተው፣ አውቀው፣ ተስማምተው ነው አፋቸውን የዘጉት። ያነበብኩት ማታ ነበር፣ እንቅልፍ ከልክሎኛል።

የጄፈርሰን ይብሳል። በዕድሜው ዘመን ከ600 በላይ ሰዎች በባርነት ይዟል። የነፃነት አዋጁ ላይ «እኩል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር የጻፈው እሱ ነው፣ በ33 ዓመቱ። ኤሊስ ስለ እሱ ለብቻው በጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ባገኘው መጽሐፍ ላይ፣ ጄፈርሰን ሳሊ ሄሚንግስ ከምትባል ባሪያው ልጆች ወልዷል የሚለውን ነገር «አይመስለኝም» ብሎ ነበር። በ1998 የዲ ኤን ኤ ምርመራ ውጤት ወጣ። ሰውዬው ሽምጥጥ አድርጎ መካድ ይችል ነበር፣ ምርመራው ብቻውን አይበቃም የሚሉ ሌሎችም ነበሩ። እሱ ግን በአደባባይ ተሳስቻለሁ፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አለ። ተሸልሞ በተጨበጨበለት መጽሐፍ ላይ! እስቲ እዚህ ከተማ ከሚያወራን ሽማግሌ ሁሉ አንዱ «ያን ጊዜ ተሳስቼ ነበር» ሲል ሰምተሻል?

ቅሬታዬ ይህ ነው፤ ባርነት በመጽሐፎቹ ውስጥ በአብዛኛው የትልልቆቹ ሰዎች የኅሊና ራስ ምታት ሆኖ ነው የሚመጣው። ዋሽንግተን በኑዛዜው 123 ባሪያዎቹ ሚስቱ ስትሞት ነፃ ይውጡ እንዳለ ይነግርሻል። ማርታ እሷ እስክትሞት ሳትጠብቅ እንደለቀቀቻቸው የታወቀ ነው፤ ለምን ይሆን ብለሽ አስቢ፣ ነፃነታቸው የሷን ሞት የሚጠብቅ ከመቶ በላይ ሰው ቤትሽ ውስጥ ሲዞር። ግን ከ123ቱ አንዱ ጠዋት ሲነሳ ምን እንደሚያይ ከኤሊስ አታገኚም። ሳሊ ሄሚንግስም ክርክር ሆና ነው ያለችው፣ ሴት ሆና አይደለም።

እኛም ለመፍረድ አንቸኩል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሐረር ወደ ዘይላና በርበራ የሚወርደው ቅፍለት ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልጫነም፣ ሰውም ይነዳ ነበር። በእነዚያ በምትወጪ በምትገቢባቸው የጀጎል በሮች ነው የወጡት። ስለ ግንቡ ስናወራ እነሱን የሚያነሳ አስጎብኚ እስካሁን አልገጠመኝም።

ከመጋላ፦ «ያ የምታወድሰው ፕሮፌሰር ቬትናም ዘምቻለሁ እያለ ተማሪዎቹን ሲያታልል የተያዘ ሰው ነው። ስለ ራሱ የዋሸ ሰው ስለ ሞቱት ለመዋሸት ምን ያግደዋል? ውሸታም ነው እንዴ የምታስነብበን?»

አገኘኸኝ። ባለፈው ሳላነሳው ያለፍኩት ቦታ ስለጠበበ ነው ብል እኔም ዋሸሁ ማለት ነው፤ መጽሐፉን ስለምወደው ነው።

ነገሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001፣ ፑሊትዘሩን ባገኘበት በዚያው ዓመት፣ ቦስተን ግሎብ የተባለው ጋዜጣ አወጣው። ክፍል ውስጥ ስለ ቬትናም ሲያስተምር ራሱ እንደ ዘመተ አድርጎ ለዓመታት ሲያወራ ኖሯል። ቬትናምን አልረገጠም። በዚያ ጊዜ ተማሪ ነበር፣ ከዚያም ዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ታሪክ ያስተምር ነበር። ይቅርታ ጠየቀ፣ ኮሌጁም ለአንድ ዓመት ያለ ደመወዝ አገደው። ክሱ ክፍል ውስጥ ስላወራው ነው፣ መጽሐፎቹን ፈጥሮ ጻፈ የሚል አልነበረም።

እኔ ደግሞ ጎረቤታችን ትዝ ይለኛል። ልጅ ሆነን ለገሃሬ አጠገብ ከባቡር ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ሰብስቦን ባቡር እንዴት እንደነዳ ይነግረን ነበር። ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ አሊ ሳቢህ እያለ ጣቢያዎቹን ሲጠራ ጸሎት ነው የሚመስለው። የቱ ጋ ሽቅብ እንደሆነ፣ የቱ ጋ ግመል ሐዲድ ላይ ቆሞ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ጣቢያ ላይ ፍየል እንደሚረክስ፣ ሁሉን ያውቃል። ሲሞት ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወት የድሮ የሥራ ባልደረባው «የቱን ባቡር ነው የነዳው? ትኬት ቆራጭ ነበር እኮ!» ብሎ ሳቀ። እኛ ልጆቹ ከሞቱ ይልቅ በዚህ ነው ያለቀስነው። ብዙ ቆይቶ ለሥራ ጉዳይ በዚያ መስመር እስከ ደወሌ ሄድኩ። ሽቅቡም ግመሉም ፍየሉም ልክ እንዳለው ነው። አንዲት ነገር አላጠፋም። የዋሸው ማን መሪውን እንደያዘ ብቻ ነው።

ስለዚህ ኤሊስን ስለ ጣቢያዎቹ እሰማዋለሁ፤ ጣቢያዎቹን ሌላ ሰውም ሄዶ ሊያያቸው ይችላል፣ ደብዳቤዎቹ ታትመዋል። ስለ ራሱ ካወራ ግን ሻይዬን እጠጣለሁ። አንድ ነገር ልጨምርልህ፦ ጄፈርሰን ላይ የጻፈውን ይህን ካወቅህ በኋላ እንደገና አንብበው። ዋናው ሐሳቡ ጄፈርሰን ራሱን ከራሱ መደበቅ የሚችል፣ የሚናገረውን ሲናገር ከልቡ የሚያምን ሰው ነው የሚል ነው። መጀመሪያ ሳነበው ስለ ጄፈርሰን ብቻ መስሎኝ ነበር።

ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ፦ «ስለ ፈረንጅ መስራቾች ይሄን ያህል ስታወራ፣ የእኛዎቹን በዚህ ዓይነት የጻፈ የለም? ነው ወይስ የእኛ ታሪክ ለጨዋታ አይመችም?»

አለ፣ ያውም የሰፈርህ ልጅ። ጳውሎስ ኞኞ ቁልቢ ነው የተወለደው፤ ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል የምንወጣባት ቁልቢ። መደበኛ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። አዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚል ዓምድ ነበረው፤ እኔ ዛሬ እዚህ የምንተፋተፍበትን ሥራ አገር ያስለመደው እሱ ነው። ስለ አጤ ቴዎድሮስና ስለ አጤ ምኒልክ የጻፋቸውን መጻሕፍት ፕሮፌሰር የሆነውም ሱቅ የሚጠብቀውም እኩል ያነባቸዋል። የምኒልክን ደብዳቤዎች ለቃቅሞ ያዘጋጀውም እሱ ነው፣ እሱ ካለፈ በኋላ ታትመዋል። አንዱን ገጽ ግለጥና አንብብ፤ ንጉሥ ስለ በቅሎና ስለ ተወሰደ መሬት እንዴት እንደሚጽፍ ታያለህ። ከዚያ ደግሞ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ አለ፤ እሱ ወፈር ይላል፣ ለክረምት ነው።

ግን ልዩነቱን አልክድህም። ኤሊስ አንድ ምቾት አለው፤ አሜሪካኖች ሰዎቹን ቢያሙም «መስራቾቻችን እነማን ናቸው» በሚለው ዝርዝር ላይ ብዙ አይጣሉም። እኛ ከዝርዝሩ ነው የምንጀምረው። እ.ኤ.አ. በ1887 ጨለንቆ ላይ ምኒልክ አሚር አብዱላሂን አሸንፎ ሐረር ሲገባ፣ አንዱ ቤት አገር ተሰበሰበ ተባለ፣ ሌላው ቤት አገር ተወሰደ ተባለ። ሁለቱም ቤት ዛሬ እዚሁ ጎን ለጎን ነው፣ ልጆቻቸውም ተጋብተዋል። ያንን ቀን ሁለቱም ቤት ሳያኮርፍ የሚያነበው አድርጎ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ፣ ከእነሱ ሽጉጥ የበለጠ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ሌላም ሞልቷል። መኮንን እ.ኤ.አ. በ1889 ለውጫሌው ውል ጉዳይ ጣሊያን ሄዶ ያየውና የሰማው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ አዲስ አበባ ላይ ከሥልጣን መውረዱ ሲታወጅ ራሱ ሐረር መሆኑ፤ ወሬው ሲደርስ ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር? እኔ ግን ከሁሉ የሚያጓጓኝ ባቡሩን ወደ ሐረር ለማውጣት ተራራው ብዙ ገንዘብ ይበላል ተብሎ ከታች በሜዳው ይሂድ ብለው የወሰኑበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ እዚህ ድሬ ደረሰ፣ ጣቢያውንም አዲስ ሐረር አሉት። አንተና እኔ የተገኘነው ከሒሳብ ወረቀት ነው፣ ጀግናም የለበት። ለዚያ ምዕራፍ ግማሽ ደመወዜን እከፍላለሁ።

አጫጭር

«ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ የቱን ታንብብ?» የመጨረሻውን ምዕራፍ። አዳምስና ጄፈርሰን ተኳርፈው ለዓመታት ተዘጋግተው ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1812 አዳምስ ደብዳቤ ጀመረ፣ ከዚያ እስኪሞቱ 158 ተጻጻፉ፤ 109ኙን የጻፈው አዳምስ ነው፣ ምስኪን። ሁለቱም የሞቱት በአንድ ቀን ነው፤ ሐምሌ 4 ቀን 1826፣ ነፃነታቸውን ባወጁ ልክ በ50 ዓመቱ። ልቦለድ ውስጥ ብታነቢው «አበዛው» ትያለሽ።

«ሴት የለችም እንዴ?» አቢጌል አዳምስ አለች። በ1776 ለባሏ ሴቶቹን እንዳትረሱ ብላ ጻፈችለት። ሳቀባት። ኤሊስ ስለ ባልና ሚስቱ ብቻ አንድ መጽሐፍ አለው፣ ከሌሎቹ ቀለል ይላል።

«ስለ ሕገ መንግሥት የጻፈው አለ ወይ? ለክርክር ፈልጌው ነው።» አለ፣ ስለ አራት ሰዎች፤ ዋሽንግተን፣ ሃሚልተን፣ ማዲሰንና በኋላ የመጀመሪያው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ የሆነው ጆን ጄይ። ክፍለ አገራቱ ልቅ ሆነው ሳለ እነዚህ አራቱ ናቸው ወደ አንድ መንግሥት የገፏቸው ይላል። ስለ ፌዴራሊዝም ለሚከራከር ሰው ምግብ ነው። ተቃዋሚህም እንዳያነበው ደብቀው።

«የአንተን ኮፒ ታውሰኛለህ?» አውስህ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ቀፊራ ሻይ ቤት ተቀምጠን «ቅዳሜ እመልሳለሁ» ብሎ የወሰደ ሰው አለ። ስሙን አልጽፍም፣ ይህን ዓምድ እንደሚያነብ ግን አውቃለሁ። ገጽ ላይ በእርሳስ ያሰመርኩት የእኔ ነው፣ የቡናው ጠብታ ግን ከአንተ ከሆነ ይቅር ብዬሃለሁ። ቅዳሜ እዚያው ነኝ።